ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት

ጓሮው ጉድጓድ ያለው ሰው ሁሉ ፓምፑን ያውቀዋል፤ ውሃ ይስባል፣ ይገፋል፣ በቃ። እኔ የማስተዋውቃችሁ ከጎኑ ያሉትን ሁለቱን ነው፦ ትንሿን ፕሬዠር ስዊችና ቀዩን ድቡልቡል ታንክ።

የስዊቿ ሥራ አጭር ነው። የመስመሩ ግፊት ሲወርድ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ሲሞላ ታጠፋለች። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በ1.4 ባር እንዲያስነሱ፣ በ2.8 እንዲያጠፉ ተደርገው ነው።

ታንኩ ግን ያሳዝነኛል። ሰው ሁሉ የውሃ ማጠራቀሚያ ይመስለዋል። ባለ 24 ሊትሩ ታንክ ፓምፑ እስኪነሳ ድረስ የሚሰጠው 8 ሊትር ገደማ ነው፤ የጀሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ዋናው ሀብቱ አየር ነው። ውስጡ የጎማ ከረጢት አለ፤ ውሃው ከረጢቱ ውስጥ፣ አየሩ በከረጢቱና በብረቱ መካከል። ውሃ ቢጫኑት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ቧንቧ ስትከፍቱ መጀመሪያ ውሃውን የሚገፋላችሁ ይህ የታመቀ አየር ነው፤ ፓምፑ የሚደርሰው ኋላ ነው።

አየሩ ሲያልቅስ? ቧንቧው ገና ሲከፈት ግፊቱ ዘጭ ይላል፣ ፓምፑ ይነሳል፣ ወዲያው ይሞላል፣ ይጠፋል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሆነ የስዊቿ መገናኛ ነጥቦች በብልጭታ ይቃጠላሉ። ባለሙያ ይመጣል፣ የተቃጠለውን ያያል፣ «ስዊቹ ነው» ይላል። አዲሷም በተራዋ ትቃጠላለች። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ስዊች ሲያስቀይሩ ከርመው ፓምፑን ሊሸጡት ነበር። «እትዬ፣ ታንኩ አየር ተሞልቶ ያውቃል?» አልኳቸው። «የውሃ ዕቃ ምን አየር አለው ልጄ?» አሉኝ።

አለው እንጂ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃውን ጨርሱ፣ ከዚያ ከታንኩ ጀርባ ያለውን ክዳን ፍቱ። የመኪና ጎማ ዓይነት ቫልቭ ታገኛላችሁ። በጎማ መለኪያ ለኩት፤ ስዊቿ ከምታስነሳበት 0.2 ባር ያህል ማነስ አለበት፣ ማለትም 1.2 ገደማ። ከጎደለ በብስክሌት መንፊያም ይሞላል፤ ጎሚስታ ካለ ደግሞ ምን ችግር አለ። ውሃው ሳይለቀቅ የሚለካ ሰው ግን ያነበበው የውሃውን ግፊት ነው፣ ልፋቱ ከንቱ። የቫልቩን መርፌ ስትጫኑት ውሃ ከወጣ ከረጢቱ ተቀዷል፤ በብዙዎቹ ታንኮች ከረጢቱ ብቻውን ይቀየራል።

ሌላው በአጭሩ፦ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ ራሱ የሚነሳ ከሆነ የሚያፈስ ቦታ ወይም የማይዘጋ ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ፈልጉ። ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ እየጮኸ ውሃ ካላመጣ የጉድጓዱን ጥልቀት አስቡ። ካርቶኑ ላይ «9 ሜትር ይስባል» የሚለው ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለ አዲስ አበቤ ፓምፑ ምንም ቢጎብዝ 8 ሜትር አይሞላም።

ግፊት ያነሰ በመሰላቸው ቁጥር የስዊቿን ትልቁን ብሎን የሚያጠብቁ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ተዉ። እሱ ማስነሻውንም ማጥፊያውንም አንድ ላይ ከፍ ያደርጋል፤ ማጥፊያው ፓምፑ ከሚችለው በላይ ከሆነ ሞተሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ይግላል። ነካክቼ ልይ የሚልም ቢሆን መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርድ፤ ከሽፋኗ ሥር ያለው 220 ቮልት ነው።