ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የሱስ ሕክምና፦ ውሉ ምን ይላል?

አሜሪካ ላላችሁ ወገኖች። በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ማገገሚያ መግባት ይችላል ወይ?» የሚል ነው። አዎ፣ ለዚሁ ተብሎ የተመደበ የመንግሥት ገንዘብ አለ። አሠራሩን ካወቃችሁ በር ላይ በቀላሉ አትመለሱም።

ፌዴራል መንግሥቱ ሳምሳ በተባለው መሥሪያ ቤት በኩል ለየስቴቱ ብሎክ ግራንት የሚባል ጥቅል ድጎማ ይሰጣል። ስቴቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀጥታም ሆነ በካውንቲ በኩል ክሊኒኮችንና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን አወዳድሮ ውል ይፈርማል። ከገንዘቡ ቢያንስ 20 በመቶው ሰው ሱስ ውስጥ ሳይገባ ለመከላከል ይውላል።

ገንዘቡን የወሰደ ድርጅት ወረፋውን እንደፈለገው አያስኬድም። ቅድሚያው በመርፌ ዕፅ ለምትወስድ ነፍሰ ጡር ነው፤ ቀጥሎ ለሌሎች ነፍሰ ጡሮች፣ ከዚያ በመርፌ ለሚወስዱ። በመርፌ የሚወስድ ሰው ሕክምና በጠየቀ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቦታ ከሌለ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜያዊ አገልግሎት ይጀመርለታል፤ ወረፋ የሚጠብቅበት ጊዜ ግን ከ120 ቀን ማለፍ የለበትም።

ይህን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም በዓይኔ አይቻለሁ። በመርፌ የሚወስድ ልጇን ይዛ የሄደች አንዲት እናት «ቦታ የለም፣ እንደውላለን» ተብላ ልትመለስ ስትል አብሬያት ነበርኩ። «የብሎክ ግራንት ውል አላችሁ? እንግዲያው ወረፋው ላይ መዝግቡት፤ ጊዜያዊ አገልግሎቱስ መቼ ይጀመርለታል?» ብለን ጠየቅን። የእንግዳ ተቀባይዋ መልስ ተቀየረ፤ አማካሪ ተጠራልን፣ ልጁም ወረፋው ላይ በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥር ተመዘገበ።

የብዙዎቻችን ፍርሃት ግን ወረፋው አይደለም፤ «ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቢደርስስ?» የሚለው ነው። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የጤና መዝገብ የጠበቀ የፌዴራል የምስጢር ደንብ አለው። እንደ ድንገተኛ ሕመምና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ሰውየው ታካሚ መሆኑን እንኳ ያለ ፈቃዱ መናገር አይቻልም። ለቤተሰብም ቢሆን።

ቋንቋም አያስፈራችሁ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ አባት በልጁ ፊት እውነቱን አይናገርም።

ለማኅበሮቻችን መሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ከብሎክ ግራንቱ ለመከላከል የሚውለው ያ 20 በመቶ እናንተም ልትወዳደሩበት የምትችሉት ገንዘብ ነው። ብዙ ውሎች ወጪውን የሚተኩት ሥራው ከተሠራ በኋላ ስለሆነ ለትንሽ ማኅበር ይከብዳል። ስለዚህ ውል ካለው ትልቅ ድርጅት ጋር በንዑስ ተቋራጭነት ጀምሩ። ወጣቶቻችንን በቋንቋቸውና በባህላቸው ከእናንተ የተሻለ የሚያናግራቸው የለም።

የሳምሳ መስመር 1-800-662-4357 ነው፤ ነፃ ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልኝ።