ከማልታ አቀባይ እስከ ግንበኛ

ንፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳም ሆነ አርብ ገበያ፣ ቤት በሚሠራበት ግቢ ሁሉ ማልታ የሚያቀብል ልጅ አይጠፋም። ስሙ ከተጻፈ የሚጻፈው ከቀን ሠራተኞች ጋር ነው፤ ማታ የሚቆጠርለትም የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ነው። ግንበኛው ምሳ ሊበላ ሲወርድ ግን ማንኪያውን አንስቶ አንድ ሁለት ድንጋይ ያስቀምጣል። ሰውየው ተመልሶ አይቶ ዝም ካለ ልጁ ለማጅ ሆነ ማለት ነው። ተቆጥቶ ቢያፈርስበትም ትምህርቱ ያው ተጀምሯል።

እነዚህ ከተሞች ባሉበት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ነገሩ ከዚህም ይቀድማል። ቤት የሚቆመው በደቦ ነው። ባለቤቱ ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ጠላውን ጠምቆ ጎረቤት ይጠራል፤ ጉድጓድ ቆፋሪው፣ ማገር አቀባዩ፣ ጭቃ ረጋጩ ሁሉ የሰፈር ሰው ነው። ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ጥቂት ቀን ሳይበሰብስ ከተመረገ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ይህን ለልጅ ቁጭ አድርጎ የሚያስተምረው የለም፤ እግሩ ጭቃው ውስጥ እያለ ይደርስበታል። ጣራው ላይ ሲደረስ ግን ደቦው ታች ይቀራል። ወራጆቹን አናት ላይ የሚያገናኘው እጁ የተመሰከረለት አንድ ሰው ነው። አብሮት የሚወጣውን ልጅ የሚመርጠውም እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የገዛ ልጁ ወይም የእህቱ ልጅ ይሆናል።

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ ወልዲያ የሚገባውን መንገድ ቻይናዎች በደርግ ዘመን ከሠሩት ወዲህ ቆርቆሮና ሲሚንቶ እንደ ልብ ይመጣል፤ የሚለመደውም ሙያ አብሮ ተለወጠ። ንፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ በደንብ ያልተመታ ቆርቆሮ ክረምቱን አይሻገርም። ስለዚህ ለማጁ ጣራ ላይ በወጣ ቀን መጀመሪያ የሚነገረው ምስማሩ ከፍ ባለው ሽንሽን ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ዝቅ ባለው ላይ እንዳይመታ ነው። ቀጥሎ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይጠየቃል። ቆርቆሮው መከደን የሚጀምረው ንፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ዳር ነው፤ እንዲያ ካልሆነ ተደራቢው ጠርዝ አፉን ለንፋስ ከፍቶ ይቀራል። የጌጁን ነገርም የሚማረው እዚያው ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ሱቅ ሄዶ ትልቅ ቁጥር ሲሰማ ወፍራም የገዛ የሚመስለው ባለቤት ጥቂት አይደለም።

መሠረት ሲወጣ የለማጁ ሥራ የክር ጫፍ መያዝ ነው። አንዱ ክር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ይለካና ምልክት ይደረጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 1 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። ቤቱ ሰፊ ከሆነ በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ይሠራል። የፒታጎረስን ሕግ ክፍል ውስጥ ሸምድዶ የረሳ ልጅ እዚህ በሲባጎ ይጨብጠዋል። ከዚያ የውሃ ልኩ ይመጣል፦ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ውሃ ተሞልቶ አንዱን ጫፍ ግንበኛው፣ ሌላውን ለማጁ ይይዛል።

«ረጋ?»

«አልረጋም አያ፣ ገና ይወርዳል።»

«አትነቅንቀው እንግዲህ!»

ጎማው ውስጥ የአየር ፊኛ ከገባ ልኩ ይዋሻል። በዚያ ልክ የወጣው መሠረት ወደ አንድ ወገን ያዘቀዝቅና ጥፋቱ የሚታወቀው ግንቡ መስኮት ጋ ሲደርስ ነው። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ከዚህ ጎማ በላይ የሚያስተምር መሣሪያ አላውቅም። አርማታ ግን ቶሎ ይለመዳል፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር፣ ሁሉም በሳጥን ተለክቶ። ሳጥኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚሳሳቱት በውሃው ነው። አካፋው እንዲቀልለት ብሎ ውሃ የሚያበዛ ለማጅ ኮለኑን እያደከመው ነው። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት አለ፤ ይህም የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው፣ እሑድንም ጨምሮ።

እየሠሩ መማር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከጋይንት በስተ ምዕራብ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ቫልድማየርንና ሳልሙለርን የመሳሰሉ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነሱ ጎን እየሠሩ ሙያ ይለምዱ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መድፉ ወደ መቅደላ ሲጎተት ሠራዊቱ በጋይንት በኩል ድንጋይ እየፈነቀለ መንገድ መጥረግ ነበረበት፤ ንጉሡ ራሳቸው አብረው እንደሠሩም ተጽፏል። ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ መድፉ ይጎላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ስማቸው ያልተጻፈው ለማጆች ናቸው።

ዛሬ ለማጅ በሕግ የታወቀ ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው ሙያ ለመልመድ ውል የሚገባው ዕድሜው ከ15 ዓመት ያላነሰ ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት። ሲጨርስም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ጥሩ ሕግ ነው። ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሠራ ግንበኛ ግን ከባለቤቱ ጋር ራሱ የሚዋዋለው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው፤ ከለማጁ ጋር ወረቀት እንዲፈራረም መጠበቅ ይከብዳል። ቢያንስ ክፍያውና ጊዜው በሰው ፊት ቢነገር ኋላ «ገና አልለመድክም» እየተባለ ዓመት በረዳት ሒሳብ መሥራት ይቀር ነበር።

ወደ ሙያው የሚያስገባው ሁለተኛው በር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የትብብር ሥልጠና የሚባለው ሰልጣኙን ከኮሌጅ ወደ ሥራ ቦታ የሚያወጣው አሠራር ከጀርመን ልምድ ብዙ ወስዷል፤ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ የሚለውን ቀመር መምህሩም ሰልጣኙም በቃሉ ያውቀዋል። በጀርመን ለማጁ ከድርጅቱ ጋር ተፈራርሞ ደመወዝ እያገኘ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኛ ዘንድ ልጁ በቅድሚያ የኮሌጁ ነው፤ ድርጅቱ የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። በወረዳ ከተማ ደግሞ ሰልጣኝ ሊቀበል የሚችል ተቋራጭ ስንት አለ? የተቀበለውም ሲሚንቶ እንዳይባክንበት ስለሚፈራ ልጁን ቆሞ እንዲያይ ያደርገዋል።

ትልቁ የግንባታ ሙያ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ባይሰጠውም፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ነበር። ብሎኬት የሚያመርቱ፣ በርና መስኮት የሚበይዱ፣ ወለል የሚለስኑ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ እየተደራጁ ገቡበት። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለቀን ሥራ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚወርድ ልጅ ብዙ ነው፤ ጉልበቱን ይዞ ሄዶ ልስን ለምዶ የሚመለስም አለ።

ሴቶቹ ግን አሸዋና ውሃ እንደተሸከሙ ይቀራሉ። ግማሹ የግቢው ቀን ሠራተኛ ሴት የሆነበት ቦታ ላይ ማንኪያ የያዘች አንዲት ማየት ብርቅ ነው። አቅም እንዳይባል ውሃ ከምንጭ ስትቀዳ የኖረችና በባሬላ ድንጋይ የምታመላልስ ሰው ማንኪያ አይከብዳትም። ምክንያቱ ለማጅ የሚመርጠው ግንበኛው መሆኑና ግንበኛውም የእህቱን ልጅ ሲያስብ ወንዱን ብቻ ማሰቡ ነው።

ከማንም ሥር ይለመድ፣ እጁ የደረሰ ሰው ኮሌጅ ባይገባም ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል። ምዘናው ተግባርም ጽሑፍም አለው። ማልታ ሲያቀብል ያደገው ልጅ ተግባሩን አይፈራም፤ የሚያስጨንቀው ጽሑፉ ነው። የኮሌጁ ሰልጣኝ ደግሞ ጽሑፉን ይወጣና ቱምቢው ሲንጠለጠል እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ማታ ማታ ደብተሩን፣ ሌላው ቀን ማንኪያውን ቢዋዋሱ ለሁለቱም የምዘናው ቀን ይቀልላቸዋል።