የቀጥቃጭ ወናፍና የከንፈሮቹ ጥገና

በኢትዮጵያ ደጋ አገር ቀጥቃጭ የሚገለገልባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍ፣ ወናፍና የሸክላ ቧንቧ ናቸው። ከብረት የተሠሩት ረጅም ዘመን ሲያገለግሉ፣ ከቆዳ የተሠራው ወናፍ ግን ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ወናፍን መመርመርና መጠገን የቀጥቃጭነት ሙያ አንዱ ክፍል ነው።

ወናፍ እንደ ስልቻ ከተገፈፈ የፍየል ቆዳ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጠባቡ ጫፍ ወደ ቧንቧው ያመራል፤ ሰፊው አፍ ግን ግራና ቀኙ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች የተያዘ ከንፈር ነው። እንጨቶቹም የጣት ማስገቢያ ጠፍር አላቸው። አናፊው እጁን ሲያነሣ ጣቶቹን ይከፍታል፤ ከንፈሮቹ ተላቀው አየር ይገባል። ወደ ታች ሲጫን ጣቶቹን ይገጥማል፤ አየሩም ሌላ መውጫ ስለሌለው ወደ ፍሙ ይሄዳል። አንዱ ሲሞላ ሌላው ስለሚጫን ነፋሱ አይቋረጥም። በአውሮፓ የሳንቃ ወናፍ ይህን ተግባር የሚፈጽመው አየሩ ራሱ የሚከፍተውና የሚዘጋው የቆዳ ክዳን ነው። በኢትዮጵያው ወናፍ ግን የክዳኑን ሥራ የቆዳው ከንፈርና የሰው እጅ በአንድነት ይሠሩታል።

ከንፈሮቹ ሲያረጁ ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይገለጣል። እንጨቱ የተጣመመ ወይም የስፌቱ ቀዳዳ የሰፋ እንደ ሆነ አየሩ ወደ አናፊው ያመልጣል። ሁለት ብረት በመምታት ለማጣበቅ 1300 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያስፈልጋል፤ ነፋሱ ሲደክም ከሰሉ ያልቃል እንጂ ብረቱ ከቅላት አያልፍም። ቆዳው ደርቆ ከንፈሩ በሚገባ ያልተከፈተ እንደ ሆነ ደግሞ ወናፉ አየር የሚስበው ከእሳቱ በኩል ይሆንና፣ ትኩስ ጢስና ፍንጣሪ ገብቶ ቆዳውን ከውስጥ ያቃጥለዋል።

ለመመርመር ጠባቡን አፍ በመዳፍ ዘግቶ ወናፉን መጫን ይበቃል። ከንፈሮቹ የገጠሙ እንደ ሆነ ወናፉ እንደ ተነፋ ይቆያል፤ ካልገጠሙ የሚያመልጠው አየር በጆሮ ይሰማል፣ በጉንጭም ይታወቃል። የደረቀው ቆዳ ስብ ተቀብቶ ይታሻል፤ የላላው ጠፍር ይጠብቃል፤ የተጣመመው እንጨት ይለወጣል። ትንሽ ቀዳዳ በወስፌና በጅማት ይጣፋል። ነገር ግን በከንፈሩ ጠርዝ ላይ የተጣፈ እራፊ በውፍረቱ ከንፈሮቹን ስለሚያለያይ፣ ያረጀውን ጠርዝ ቆርጦ እንጨቶቹን ወደ ውስጥ አዛውሮ መስፋት ይሻላል። ቆዳው እንዲህ እያጠረ ሄዶ የሚይዘው አየር ሲያንስ፣ ወይም ቢታሽም የሚሰነጠቅ ሲሆን፣ በሙሉ ይለወጣል፤ ደኅና የሆኑት እንጨቶች ግን ለአዲሱ ይተርፋሉ።

ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በእጅና በዐይን የተላለፈ ነው። ባለቤቶቹ ጠይብና ቡዳ እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሰውን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ወዲያው አልቀረም። በጎንደር አካባቢ በዚህ ሙያ ከታወቁት ከቤተ እስራኤልም ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ. ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። እንግዲህ ወናፍን ለሙዚየም የሚሰበስብ ሰው ከንፈሩ እንዴት እንደሚመረመር፣ እንደሚጣፍና እንደሚለወጥ ባለሙያው በሕይወት ሳለ ጠይቆ አብሮ ሊመዘግብ ይገባዋል። ያለዚያ ቆዳው በሙዚየም ውስጥ ሲደርቅ፣ እንደ ገና ሊያናፋው የሚችል ሰው አይገኝም።