የቅጂ ቅጂ፦ የአውሮፓ ፓወር ሜታል ለምን ሰለቸኝ?

ከመካከላችን ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ያልተሰለፈ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሃንድአውቱ ከመምህሩ እጅ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው። ከእሱ የተቀዳው ይነበባል። ከቅጂው የተቀዳው ዳር ዳሩ ይጠቁራል። አምስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ «ለ» ይሁን «ሰ» መለየት ያቅታል፤ ፈተናው ግን አይቀርም። ዛሬ ስለ አንድ የሙዚቃ ዓይነት ላወራችሁ ስነሳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሙዚቃው ፓወር ሜታል ይባላል። ነቀምቴ ውስጥ የሚሰማው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኔም ያወቅሁት የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ሞልቶ ስለሰጠኝ ነው። የመጀመሪያውን ወር አበድኩለት። በሦስተኛው ወር ሰለቸኝ። ነገሩ «ሰለቸኝ» ብዬ የምተወው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ነገር ግን ቅዳሜና እሁድ በየሠርጉ ኪቦርድ እየተጫወትኩ የደብተርና የኮፒ ወጪዬን የምሸፍን ሰው ነኝና፣ የሰለቸኝ ነገር ከራሴ እጅ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ እንዳለ ዘግይቶ ገባኝ።

ፓወር ሜታል ምንድን ነው?

ፓወር ሜታል የሄቪ ሜታል ሮክ አንዱ ቅርንጫፍ ነው። ምልክቶቹ ቶሎ ይለያሉ። ከበሮ መቺው ትልቁን ከበሮ በሁለት እግሩ እያፈራረቀ እንደ ዝናብ ያወርደዋል። ሁለት ጊታሮች አንዱን ዜማ ከፍና ዝቅ አድርገው ጎን ለጎን ይጫወቱታል። ድምፃዊው በጣም ከፍ ባለ ድምፅ ይዘፍናል። አዝማቹ ሰው ሁሉ አብሮ እንዲለው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዜማው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ግጥሙ ብዙ ጊዜ ስለ ሰይፍ፣ ስለ ዘንዶና ስለ ጀግና ነው።

የአውሮፓው ፓወር ሜታል መሠረት ነው የሚባለው ሄሎዊን የተሰኘው የጀርመን ባንድ ነው። የሃምቡርግ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ኪፐር ኦቭ ዘ ሰቨን ኪይስ የተባለውን ሥራቸውን በሁለት ክፍል አወጡ። እነዚህ ልጆች ከባዶ አልተነሱም። የሁለት ጊታር ቅንጅቱን ከእንግሊዙ አይረን ሜይደን፣ የከፍተኛ ድምፅ አዘፋፈኑን ደግሞ ከጁዳስ ፕሪስት ሰምተዋል። በዚያው ዘመን ስዊድናዊው ይንግቪ ማልምስቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው አልበም የባህንና የፓጋኒኒን ዓይነት ክላሲካል ሙዚቃ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር አምጥቶት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያዎቹም ተውሰዋል ማለት ነው። የተዋሱት ግን ከብዙ በር ነው፤ የቀላቀሉትም በራሳቸው ነው። በላዩ ላይ ቀልድና ፌዝ ጨመሩበት። በዚህ የተነሳ ሄሎዊንን ከሩቅ ስትሰሙት እንኳ «እነሱ ናቸው» ትላላችሁ።

ለወለጋ ልጅ ጆሮ ለምን ጣመ?

በእኔ ግምት ምክንያቱ መዝሙር ነው። ስዊድን፣ ፊንላንድና የጀርመን ሰሜናዊ ክፍል ሉተራውያን አገሮች ናቸው፤ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ የሚዘምረው ዝማሬ ለዘመናት ኖሮባቸዋል። የፓወር ሜታል አዝማች ለጆሮዬ የዚያ ዝማሬ የልጅ ልጅ ነው። ወደ እኛ ዘንድም የስዊድን ሚሲዮናውያን ያንኑ ዝማሬ አምጥተውታል። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ ሲያስተምር መዝሙሩም አብሮት መጥቷል። ስለዚህ በመካነ ኢየሱስ መዘምራን መካከል ያደገ የነቀምቴ ልጅ የፊንላንድ ባንድ አዝማች ሲሰማ «ይሄን የማውቀው ይመስለኛል» ቢል አይፈረድበትም።

ስልቸታው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህ ሙዚቃ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። በ1997 ብቻ የፊንላንዱ ስትራቶቫሪየስ ቪዥንስን፣ የጣሊያኑ ራፕሶዲ ሌጀንደሪ ቴልስን፣ የስዊድኑ ሃመርፎል ግሎሪ ቱ ዘ ብሬቭን አወጡ። ከእነሱ ኋላ የመጡት ግን በጣም ብዙ ናቸው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ፈተና ገጠምን። እሱ ስልኩን ደብቆ አሥር ዘፈን ያጫውታል፤ እኔ የባንዱን ስም እናገራለሁ። ሄሎዊንን ወዲያው አወቅኩ። የጀርመኑን ብላይንድ ጋርዲያንም አወቅኩ፤ እነሱ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ ግንብ ያቆማሉ። የቀሩት ስምንቱ ግን አንድ ሰው ልብስ እየቀያየረ የሚመላለስ መሰሉኝ። ከበሮው ያው ነው፣ አዝማቹ ያው ነው፣ ዘንዶውም ያው ዘንዶ ነው።

ልብ በሉ፤ ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከቀደሟቸው የበለጠ ይፈጥናሉ። ጉድለቱ ምንጫቸው አንድ መሆኑ ነው። ሄሎዊን ከአምስት ጉድጓድ ቀዳ፤ እነሱ ከሄሎዊን ጀሪካን ቀዱ። ፍጥነቱን ወሰዱ፤ ፍጥነቱ ለምን እንዳስፈለገ ግን አልጠየቁም። ሃንድአውቱ አምስተኛው እጅ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

መቅዳት ሁሉ ግን አንድ አይደለም

ተቃራኒ ማስረጃ የሚሆነኝ አንግራ የሚባለው የብራዚል ባንድ ነው። የሳኦ ፓውሎ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤንጅልስ ክራይ የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን የቀዱት እዚያው ሃምቡርግ ሄደው ነው፤ የሄሎዊን ጥላም ይታይበታል። በ1996 ሆሊ ላንድን ሲያወጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፖርቱጋሎች ብራዚልን የረገጡበትን ዘመን ጉዳያቸው አደረጉ፤ የአገራቸውን ከበሮና ምት አስገቡበት። ጊታሩ አሁንም የአውሮፓ ነው። የሚያወራው ግን ስለ ቤታቸው ነው።

እኛም አገር ይሄ አዲስ አይደለም። ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ ኤልቪስ ፕሪስሊን ከፀጉሩ እስከ አለባበሱ ይከተል ነበር። ቆይቶ ግን በአማርኛ የራሱን ዘፈነ፤ አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ሸክላ የእሱ ነበር። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ብቻ አንድ ካሴት ሠራ። ማሽኑ የሁላችንም ማሽን ነው፤ ጣቱ ግን የእሱ ነው። ስለዚህ «ጥፋቱ የኪቦርድ ነው» የሚለው የተለመደ ወቀሳ አያስኬድም።

የራሴ ጥፋት

ወደ ራሴ ልመለስ። አምና ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሠርግ ተጠርተን ነበር። ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው ጌራርሳ ጀመሩ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ጌራርሳ በኦሮሞ ዘንድ አንድ ሰው ሥራውንና ያለፈበትን የሚናገርበት ዜማ ነው፤ ከፉከራና ከቀረርቶ ጋር ይቀራረባል። ድሮ ትልቅ አውሬ የገደለ ወይም ከጦርነት የተመለሰ ሰው ይለው ነበር፤ ዛሬ ብሶትም ድህነትም ይነገርበታል። ዋናው ነገር ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የሚጌርር ሰው ይታፈርበታል።

እኔ ምን አደረግኩ? እንደ ልማዴ ድምፃቸውን በኪቦርዱ ፈልጌ አገኘሁና የስታይል ቁልፉን ተጫንኩ። ፋብሪካ የሞላው ምት ዱም ዱም ማለት ጀመረ። የሳቸው ስንኝ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፤ ትንፋሻቸውን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ማሽኑ ደግሞ አይጠብቅም። ሁለት ጊዜ ሞከሩና ቆሙ። ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ከበሮህ ሰው አይሰማም እንዴ? ጥሎኝ ይሄዳል እኮ» አሉኝ። ከዚያ ሄደው ተቀመጡ። ሰው አጨበጨበ፤ እኛም ወደ ሚቀጥለው ዘፈን አለፍን። ያቺ ጌራርሳ ሳታልቅ ቀረች። ሊናገሩ የነበረው ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ስምንቱ ባንዶች የሰለቹኝ ለምን እንደሆነ ሙሉ በሙሉ የገባኝ ይህን ሳስታውስ ነው። እነሱ ያልገደሉትን ዘንዶ ይጌርራሉ። እኔ ደግሞ የገደለውን ሰው ዝም አሰኘሁት። ሁለታችንም ምቱን ከሌላ ወስደን ጆሯችንን ዘግተን ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ድምፅ መዋስ ነውር የለውም። ዜማ አገር ለአገር ይዞራል፤ የኦነሲሞስ መዝሙርም የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ግን አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ የሕዝቧን ተረትና ዘፈን እንዲሰፍር አድርጋለች። ከውጭ የመጣውና የቤቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ድምፅ ይዋሱታል፤ የሚናገሩትን ነገር ግን ማንም አያውስም።

እኔ አሁንም ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ወጪው አልቀረልኝማ። አሁን ግን ሽማግሌ ጌራርሳ ሲጀምር እጄን ከስታይሉ ቁልፍ ላይ አነሳለሁ። አንዲት ድምፅ ብቻ ከስር ይዤ ትንፋሻቸውን እከተላለሁ። ሲያቆሙ አቆማለሁ። ከባድ ነው፤ ካሰብኩት በላይ ማዳመጥ ይጠይቃል። ሄሎዊንንም አልጣልኩትም፤ ፍላሹ ላይ አለ። የቀሩትን ስምንቱን አጥፍቼ ቦታውን በስልኬ በቀዳኋቸው ጌራርሳዎች ሞልቼዋለሁ። መስማት የሚፈልግ ፍላሹን ይዞ ይምጣ።