ማንኮራፋትና የደም መርጋት

በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ተማሪዎች የጎረቤትን ማንኮራፋት በግድግዳ በኩል መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ሰውም ይኸን ድምፅ የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ያደርገዋል። እኛ ግን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ለማሳሰብ የምንወደው ድምፁ ድንገት ስለሚቋረጥበት ጊዜ ነው።

ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል። በአንዳንዱ ሰው፣ ይልቁንም አንገቱ በወፈረው ላይ፣ የአየሩ መተላለፊያ ጨርሶ ይደፈናል፤ ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ይህ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቈየ የትንፋሽ መቋረጥ ይባላል። በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚደርስበት ሰው ሕመሙ ጠንቶበታል።

ታዲያ ይህ ከደም መርጋት ጋር ምን አገናኘው? ትንፋሽ በተቋረጠ ቍጥር በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ይወርዳል፤ አንጎል ሰውነትን ያነቃል፤ አድሬናሊን ይረጫል፤ የደም ግፊት ይሻቅባል። ይኸው ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ይጐዳል፤ ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ቅንጣቶች በቀላሉ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው ኃይልም ይደክማል። የረጋ ደም የልብን ደም ቅዳ ከዘጋ ድንገተኛ የልብ አደጋ፣ የአንጎልን ከዘጋ ስትሮክ ይሆናል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በድንገተኛ የልብ ሞት የሞቱ 112 ሰዎችን መረመረ። ይህ ሕመም ከነበረባቸው 46 ከመቶው የሞቱት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን፣ ካልነበረባቸው ግን 21 ከመቶው ብቻ ናቸው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የኦክሲጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ፣ በእኛ ሰፈር ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ከመነሻውም ያለው ትርፍ ጥቂት ነው።

በ1980 በአውስትራሊያ በአፍንጫ አየር እየነፋ ጉሮሮን የሚከፍት መሣሪያ ተፈለሰፈ። ይሁንና በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት መሣሪያው ቀድሞ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ አዲስ አደጋን እንዳልቀነሰ አሳየ፤ ሕመምተኞቹም በአማካይ በሌሊት 3 ሰዓት ከጥቂት ብቻ ነበር የተጠቀሙበት። ስለዚህ መሣሪያው የደም ግፊትንና የክብደትን ሕክምና አይተካም።

ሕመምተኛው ተኝቷልና ሕመሙን አያውቅም፤ ምስክሩ አብሮት የሚያድረው ነው። ስለዚህ አባታችሁ ወይም የክፍል ጓደኛችሁ እያንኮራፋ ዝም ብሎ፣ ቈይቶም እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ሲተነፍስ ብትሰሙ፣ ቀንም በአውቶቡስ ውስጥ ሲያንቀላፋ ብታዩት፣ አትሳቁበት። ያያችሁትን ንገሩት፤ በጎኑ ይተኛ፣ ማታ መጠጥ ይተው፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶም የደም ግፊቱን ይለካ።