ስሙ የጠፋ ዳዮድ እንዴት ይተካል?

በአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ የተቃጠለ ዳዮድ ጽሑፉ ሲጠፋ፣ ማንነቱን የሚጠቁመው የተተከለበት ቦታ ነው።

ጥገናው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ትልቁ ካፓሲተር ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባዶ መሆኑ አስቀድሞ በመለኪያ ይረጋገጣል።

በኃይል መግቢያው ያሉት ዳዮዶች በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ያቀናሉ። የአምፔር ፍላጎቱ ከ1 ካልበለጠ፣ 1 ሺህ ቮልት የሚችለው የተለመደው 1ኤን4007 ይበቃል። በከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ዙሪያ ያሉት ግን በፓል ሥርዓት በሴኮንድ 15 ሺህ 625 ጊዜ ስለሚሠሩ፣ እንደ ቢኤ159 ያለ ፈጣን ዳዮድ ይሻሉ። በዚያ 1ኤን4007 ቢገባ ቮልቱን እንጂ ፍጥነቱን አይችልም፤ ግሎ ይቃጠላል።

ዜነር ዳዮድ የሚተካው በራሱ ቮልት ብቻ ነው። በሁሉም ዘንድ ቀለበት ያለበት ጫፍ በቀድሞው አቅጣጫ መግባት አለበት።