በመዳሰስ የሚማር ሮቦት

ሮቦት ዕቃ መያዝን እንዲማር ሰው በየምስሉ ላይ «ከዚህ ያዝ» የሚል ምልክት ያደርግለት ነበር። ይሁን እንጂ ኩባያ በጆሮውም በአፉ ጠርዝም ይያዛል፤ ሰው የሚያመለክተው ከብዙው ጥቂቱን ነው።

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሌሬል ፒንቶና አቢናቭ ጉፕታ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ባክስተር የተባለው ሮቦት በ700 ሰዓታት 50,000 ጊዜ ዕቃ ለመያዝ ሞከረ። መያዙን ወይም መሳቱን የሚነግረው በመያዣው ላይ ያለው የኃይል መለኪያ እንጂ ሰው አልነበረም። ስለዚህ መሳቱም እንደ መያዙ ትምህርት ሆነለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከጠረጴዛ ላይ የሚወድቅ መጫወቻ ጉዳት የለውም፤ አረጋዊን ደግፎ ለሚያነሣ ሮቦት ግን አንዲት ስሕተት እንኳ ከባድ ናት። እንግዲህ በመሳት የሚማር ማሽን የት ይሳት ዘንድ እንደሚፈቀድለት መወሰን የእኛ ኃላፊነት ነው።